የተበተነው ስም

አንዷለም ከቤቱ ወጥቶ ከቀረ በኋላ አንድ የፊደል ጨዋታ ላከ።

አራት ፊደል ብቻ። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው። እሑድ ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከራሱ ስልክ ተነሥቶ «የዋግ ዜማ ወዳጆች» የሚባለው ማኅበር የቴሌግራም ገጽ ላይ ዱብ አለ።

ዋላቁዝ።

ወዳጆቹ ተረባረቡበት። «ዝቋላ! እዚሁ የዋጉ ዝቋላ ወረዳ!» ብሎ አንዱ ቀደመ። «ዝቋላ ምን ወሰደህ? ጠፋ ብለን ልንሞት ነበር እኮ!» ብሎ ሌላው ጻፈ። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ስላልመጣ ተጨንቀው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከፋፍለው ሊፈልጉት ተስማምተው ነበር። መልእክቱ ሲገባ እየሳቁ ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ሚስቱ ዘመናይ ግን አልሳቀችም። ሰኞ ቢሮ እንደተከፈተ ሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ መጥታ የኢንስፔክተር ምህረት ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል፤ አላስተዋለችውም።

«መቼ ነው የወጣው?» አለች ምህረት።

«ዓርብ ጠዋት። ማሲንቆውን በትከሻው፣ መቅረጫውን በቦርሳው ይዞ።»

«ወዴት እሄዳለሁ አለሽ?»

«አልነገረኝም። ቅዳሜ ለማኅበሩ የማሳያት ሰው አለች፣ ሄጄ ላምጣት አለኝ። ማን ናት ስለው፣ ቅዳሜ ታውቂያታለሽ ብሎ ሳቀ። ማታውኑ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ሴት ናት እንግዲህ።»

ዘመናይ ቀና አለች። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን እርስዎም እንዳይደግሙት። ባሌ ከሴት ጋር አልኮበለለም።»

«እኔ አላልኩም። ስልኩስ?»

«ከዓርብ ጀምሮ ዝግ ነው። እሑድ ለዚያች ለአራት ፊደል ተከፍቶ ተመልሶ ተዘጋ።» ድምጿ ተሰበረ። «ልጃችን ትኩሳት ይዟት ነው ጥሏት የሄደው። እንዴት አደረች ሳይል ጨዋታ ይልካል? አንዷለም?»

ምህረት ብዕሯን አስቀመጠች። ሰው ሲጠፋ ዘመዱ ብዙ ነገር ይናገራል። ይህ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ ንግግር አልነበረም።

ማኅበሩን በስም ታውቀዋለች። ማሲንቆ የሚመቱ፣ ዋሽንት የሚነፉ፣ እንዲሁ መስማት ብቻ የሚወዱ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዷለም በየገጠሩ እየዞረ የአዛውንቶችን ዘፈን ይቀርጻል፤ ቅዳሜ ያሰማቸዋል። በሳምንቱ መካከል ደግሞ ፊደል ብተና የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንዷለም የዘፈን፣ የመሣሪያ ወይም የአገር ስም ወስዶ ፊደሉን ይበታትንና ይልካል። ማሲንቆን «ቆሲማን» ይለዋል። ቀድሞ የሰበሰበ የቅዳሜውን የመጀመሪያ ዘፈን ይመርጣል፤ ያቃተው መሐል ገብቶ እስክስታ ይወርዳል። ሌላ ጉዳት የሌለው የልጅ ጨዋታ።

«ስልኩ የሚስጥር ቁጥር አለው?»

«የለውም። ዘፈን ለመስማት ሁሉም እየተቀባበለ ስለሚይዘው አውጥቶታል።»

«የተጣላው ሰው አለ?»

ዘመናይ ጥቂት አመነታች። «ትእዛዙ» አለች።

ትእዛዙ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት አለው። ምህረት ስትገባ ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ቀንስልኝ ብላ በእጇ እስክታሳየው አልቀነሰም። ስትናገር ደግሞ ዓይኑን ከአፏ አይነቅልም። ድፍረት መሰላት።

«አንዷለምን እግርህን እሰብረዋለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። በሰው ፊት። ሊሰብር ያሰበ ሰው በአደባባይ ይፎክራል?»

«ምን አጣላችሁ?»

«የቀረጻቸውን ዘፈኖች ለደንበኞቼ ጫንኩ። ሳልጠይቀው ነው፤ አልክድም። ሌባ ብሎ ሰደበኝ።»

«ዓርብ ሱቅህ ተዘግቶ ነበር።»

የተጠቀለለ ሽቦ አንሥቶ መፍታት ጀመረ።

«የት ነበርክ?»

«ወልድያ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«የራሴ ጉዳይ ነው።»

«ሰው ጠፍቶ የራሴ ጉዳይ አይባልም፣ ትእዛዙ።»

«እንግዲያው እሰሪኝ» አለና ድምፅ ማጉያውን መልሶ ከፈተው።

አላሰረችውም። ከከተማ እንዳይወጣ አዝዛ፣ ረዳቷን ሳጅን ብርሃንን የወልድያውን ጉዞ እንዲያጣራ ላከችው። ከቴሌግራሙ መልእክት ጋር የተያያዘውን የስልክ መረጃም ጠየቀች። መልሱ ግን ቀናት እንደሚፈጅ ተነገራት።

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሼ ካሤ ራሳቸው መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በሩ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። በዋግ የማያውቃቸው የለም። ባሕር ማዶ ለሄደ ልጃቸው ሠሩት የሚባለው «በር አልዘጋም» የሚለው ዘፈናቸው በሠርጉም በልቅሶውም ይዘፈናል። አምና ለዚሁ ዘፈን ካባ ተደርቦላቸዋል። ለመጪው የሻደይ በዓልም መድረክ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።

«ልጄን ፈልጊልኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ዝቋላ ነኝ ብሎ ልኮ አሁንም እዚህ እንቀመጣለን? አገሩ ገደል ነው። ውሃ የለው። እግሩን ወለም ብሎት ቢሆንስ?»

«ነገ እንሄዳለን፣ ጋሼ።»

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሰው ያውቀኛል፤ ለእኔ አይደብቁም።»

ሄዱ። መኪናው መንገዱ እስካለቀ ሄደ፤ ከዚያ በእግር። ምህረት በየጎጡ ጠየቀች። ጋሼ ካሤም በየደረሱበት ጠየቁ። ገበያ ውስጥ ፍየል የምትሸጥ ሴት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ማሲንቆ የያዘ ሰው? እንኳን ሰው፣ ማሲንቆው ብቻውን ቢመጣ ይወራ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ ሲመልሱላት ዓይናቸውን አሸሹ፤ ምህረት ያን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ጠየቀቻቸው። የደበቁት ነገር ያለ ፈቃድ የቆረጡት ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የሚሸሽግ መሰላት። ወጣቶቹ ለምን ይንሾካሾካሉ? ያ ቤት ለምን በቀን ተዘጋ?

ለመመለስ ሲነሡ ጋሼ ካሤ እጇን ያዟት። «አንድ ቀን እንጨምር፣ ልጄ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር ሳናይ?»

አንድ ቀን ጨመሩ። ምንም።

ሰቆጣ ስትመለስ ብርሃን ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ፊቱ ላይ ሁለት ወሬ ነበር።

«የትእዛዙ እውነት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ወልድያ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ነበር። አንድ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው ደነቆረ ከምባል ብታሰር ይሻለኛል ነው የሚለኝ።»

ምህረት ከአፏ ያልተነቀለውን ዓይኑን አስታውሳ አፈረች። «ሁለተኛውስ?»

«የስልኩ መረጃ መጣ። የእሑዱ መልእክት የተላከው ከዝቋላ አይደለም። ከዚሁ ከሰቆጣ ነው።»

ምህረት ተቀመጠች። የአንዷለም ስልክ እሑድ ጠዋት ከተማ ውስጥ ነበር። አንዷለም ራሱ ከተማ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የታመመች ልጁን ሳያይ አያድርም። ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ሁሉም ወደ ዝቋላ እንዲያይ ፈልጓል። እሷም ታዛ ሄዳ አይታለታለች።

ከማኅበሩ አባላት አንዷ ማሬ ሥራ ስትጨርስ ሳትጠራ መጣች። አስተማሪ ናት፤ በፊደል ብተና የሚቀድማት የለም። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ስልኳን አወጣች።

«የረባ ነገር ላይሆን ይችላል» አለች። «ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ይህን ብተና አንዷለም አልሠራውም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዝቋላ ስንት ፊደል ነው?»

ምህረት በአየር ላይ ጻፈችው። «ዝ፣ ቋ፣ ላ። ሦስት።»

«የተላከልን አራት ነው። ዋ፣ ላ፣ ቁ፣ ዝ። የላከው ሰው ቋን ለሁለት ሰብሮ፣ ቁ እና ዋ አድርጎታል። ሲነበብ ድምፁ ያው ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። እኔም በችኮላ ዝቋላ ብዬ አለፍኩ።» ማሬ ወደ ፊት ተጠጋች። «አንዷለም እንዲህ አይጽፍም። አንዴ ሟን ሙዋ ብዬ ብበትን ጨዋታውን አፍርሶ እስክስታ አስወረደኝ። በዚህ ቀልድ አያውቅም።»

«ማን ነው እንዲህ የሚጽፈው?»

«ከእኛ መካከል? አላውቅም። ወጣቶቹ በትክክል ነው የሚጽፉት። ትልልቆቹ መጻፍ ስለሚታክታቸው በድምፅ ነው የሚልኩት።»

«ከመጥፋቱ በፊት የላከው የመጨረሻ ብተናስ?»

ማሬ ስልኳን ወደ ላይ ገፋች። ረቡዕ የተላከ ነው። ሴለሥላተ።

«ይኼን ቶሎ ሰበሰብኩት። ለተሥላሴ ነው። ግን የዘፈንም የመሣሪያም ስም አይደለም፤ የሴት ስም ነው። ለተሥላሴ ማን ናት ብለን ጠየቅነው። ቅዳሜ ታውቋታላችሁ ብሎ መለሰ። ከዚያ ዓርብ ሄደ።»

ምህረት ስሙን ለራሷ ደገመችው። ምህረት ራሷ የፃግብጂ ወረዳ ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ የዋግ አገዎችን ቋንቋ፣ ኽምጥኛን እየሰማች ነው ያደገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ሙሽራ ሲሸኝ ስሟ የሚነሣ አንዲት ድምፀ መልካም ሴት ነበረች። ለተሥላሴ ትባል ነበር። እስካሁን በሕይወት መኖሯን አታውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ፃግብጂ ተነሡ።

እማማ ለተሥላሴ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። ምህረት በኽምጥኛ ሰላምታ ስትሰጣቸው ፊታቸው በራ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀው፣ አያቷን አስታውሰው፣ መደብ ላይ አስቀመጧት። ቤታቸው በር የለውም። መቃኑ አለ፣ ማጠፊያው አለ፤ ሳንቃው ግን ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አንዷለም የሚባል ሰው ያውቃሉ፣ እማማ?»

«ያ ባለ ማሲንቆ? መጥቶ ዘፈን አዘፍኖኝ ሄዷል። ዓርብ እመጣለሁ፣ ሰቆጣ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። ልብሴን አጥቤ ጠብቄ ቀረ።» ወንፊታቸውን አስቀመጡ። «ተቀይሞኝ ይሆን?»

«የትኛውን ዘፈን ዘፈኑለት?»

«የልጄን።»

«ይዝፈኑልኝ።»

አሮጊቷ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም፤ አልተቅለሰለሱም። እንደ ተቀመጡ ጀመሩ።

በር አልዘጋም እኔ ነፋስ ቢገባብኝ፣
ድንገት ፀደይ መጥታ ቆማ እንዳትቀርብኝ።

ብርሃን ምህረትን አያት። እሷ አላየችውም። ዘፈኑን ታውቀዋለች። ሰቆጣ ውስጥ የማያውቀው የለም። ግን ሁሉም የሚያውቀው «ድንገት ልጄ መጥቶ ቆሞ እንዳይቀርብኝ» ብሎ ነው።

«ፀደይ ልጄ ናት» አሉ አሮጊቷ። «ዓረብ አገር ብላ በእግሯ ወጣች። ወሬዋን የሚነግረኝ አላገኘሁም።»

«ይህን ዘፈን ከአንዷለም በፊት የሰማ ሰው አለ?»

«ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ድሮ ደግሞ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ነበር፤ ስለ ዘር ሊያስተምር ይመጣል። እዚህ ቤት አድሯል፣ እራት በልቷል። ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ ይለኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲሰማ ያለቅስ ነበር።»

«ስሙን ያስታውሳሉ?»

«ካሤ።»

ምህረት ዝቋላ ላይ እጇን የያዘውን እጅ አሰበች። አንድ ቀን እንጨምር፣ ልጄ።

የአካባቢውን ሰው አስተባብረው ከአሮጊቷ ቤት ወደ መኪና መንገዱ የሚወስደውን የእግር መንገድ ተከትለው ፈለጉ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ በገደል አፋፍ ያልፋል። ማሲንቆው ቀድሞ ተገኘ፤ አንገቱ ተሰብሮ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዷለም ከታች ነበር። የወደቀበት ቦታ ግን አልነበረም። ከደም ጠብታው ርቆ፣ አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልብሱ ክርኑ ላይ ተበጣጥሷል።

«ተስቦ ነው የመጣው» አለ ብርሃን ቀስ ብሎ። «ጥላ ፍለጋ።»

ቦርሳው የለም። ስልኩ የለም። መቅረጫው የለም።

ሐኪሙ አስከሬኑን ካየ በኋላ ለምህረት የነገራት ነገር ጥርሷን አስነከሳት። እግሩና ወገቡ ተሰብሯል። የገደለው ግን ውድቀቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ጥምም ነው። እሑድ በሕይወት ነበር።

በቀብሩ ላይ ጋሼ ካሤ ከሁሉ በላይ አለቀሱ። ዘመናይን አቅፈው ደገፏት። ትእዛዙ ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሟል፤ ሰዎች በጎሪጥ ያዩታል። ምህረት እንዲያዩት ተወችው። ለአንድ ቀን ያህል እውነተኛው ጥፋተኛ ማንም እንዳልጠረጠረው እንዲያስብ ፈለገች።

ከዚያ የማኅበሩን አባላት በሙሉ ጠራቻቸው። ቃላችሁን በእጃችሁ ጻፉ፣ አለቻቸው። አንዷለምን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳያችሁት፣ ዝቋላ ስለተባለው መልእክት መቼ እንደሰማችሁ። ማሬ ጻፈች። ትእዛዙ ጻፈ። ሌሎቹም። ጋሼ ካሤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጊዜ ወስደው፣ በሚያምር እጅ ጻፉ።

ሌሎቹን አሰናብታ እሳቸውን አስቀረቻቸው። ወረቀቱን አዙራ ፊታቸው አደረገችው።

«ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

«ጽፌዋለሁ እኮ።»

«የመጀመሪያውን መስመር ብቻ። ፊደል በፊደል።»

ግራ ተጋብተው አነበቡ። «አ፣ ን፣ ዱ፣ ዋ፣ ለ፣ ም።»

«እሱ ስሙን እንዴት ነበር የሚጽፈው?»

«ያው... አንዷለም።»

«በአንድ ዷ። እርስዎ በዱ እና በዋ። እዚህ ታች ደግሞ ዝቁዋላ ብለዋል።» ከማሬ ተቀብላ ያስቀረችውን ስልክ ከወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። «የእሑዱን መልእክት የላከው ሰውም እንዲሁ ነው ያደረገው።»

ጋሼ ካሤ ፈገግ አሉ። «በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙው እንዲህ ይጽፋል፣ ልጄ። ለዚህ ነው የጠራሽኝ?»

«ዓርብ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ጎረቤትዎ በማለዳ ሲወጡ አይታዎታለች።»

«ቤተ ክርስቲያን ስሜ ነው የተመለስኩት።»

«ለተሥላሴ የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ፤ ግን ፈጠኑ። ስለማያውቁት ሰው የሚጠየቁ ሁሉ መጀመሪያ «የቷ?» ይላሉ።

«እሷ ግን ታውቅዎታለች። እራት አብልታዎታለች።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ለቀቀ። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። ብርሃን የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ቤታቸውን ሲፈትሽ ቆይቶ ነው የመጣው። ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የማሽላ ብናኝ ከላዩ ረገፈ።

«ጎታው ውስጥ ነበር፤ ከማሽላው ሥር። ስልኩም መቅረጫውም ውስጡ ናቸው» አለ።

ምህረት መቅረጫውን አውጥታ ከፈተችው። የእማማ ለተሥላሴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ድንገት ፀደይ መጥታ ቆማ እንዳትቀርብኝ።

«ዝጊው» አሉ ጋሼ ካሤ።

አልዘጋችውም። «ለምን አላቃጠሉትም?»

«ሞከርኩ።» ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ከፍቼ ሰማሁትና አቃተኝ። እንዲህ አድርጌ እኔ ዘፍኜው አላውቅም።»

ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ዘጋችው።

«ይንገሩኝ።»

«ስሟን ረቡዕ ሲልክ ወዲያው ገባኝ። ሌሎቹ እንቆቅልሽ ነው ያዩት። እኔ ሞቴን ነው ያየሁት። ስንት ዓመት ‹የካሤ ዘፈን› ተብሏል! በእሱ ካባ ለብሻለሁ። ልጆች ሲያዩኝ ከመንገድ ይወርዱልኛል። ቅዳሜ እሷን አምጥቶ ፊቴ ሊያቆማት! ዓርብ ቀድሜው ወጥቼ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። ለመንኩት። ስሞት ተናገረው፣ እስከዚያ ዝም በል አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

ብርሃን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«‹ጋሼ፣ እኔ አልናገርም፤ እርስዎ ራስዎ ተነሥተው ይንገሯቸው። አስበው እንዲቆዩ ብዬ ነው ስሟን ቀድሜ የላክሁት› አለኝ። ያከብረኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ቦርሳውን ያዝኩ። መቅረጫውን ካገኘሁ ማስረጃ የለውም ብዬ። ጎተትኩ፤ ጎተተ። ማንገቻው ተበጠሰ። እኔ ወደዚህ ወደቅሁ፣ እሱ ወደዚያ ሄደ።» እጃቸው ባዶ አየር ጨበጠ። «አልገፋሁትም። በልጄ እምላለሁ፣ አልገፋሁትም።»

«አምንዎታለሁ» አለች ምህረት። «ከወደቀ በኋላ ያለውን ነው የምጠይቅዎት። ሲጣራ ሰምተውታል?»

አንገታቸውን ደፉ።

«ጋሼ ካሤ። ሲጣራ ሰምተውታል?»

«ጋሼ፣ ጋሼ ይል ነበር።»

«እርስዎስ?»

«ሰው ልጠራ መንገድ ጀምሬ ነበር። ከዚያ... ቢተርፍ ይናገራል ብዬ አሰብኩ። እግሬ ወደ ከተማ ወሰደኝ።»

«እሑድ ወዳጆቹ ሊፈልጉት ሲነሡ ደግሞ መልእክት ላኩ። በሕይወት ነበር። ይህን ያውቁ ነበር?»

«አላወቅሁም። ማወቅም አልፈለግሁም።»

«እኔን ዝቋላ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ቀን አስጨመሩኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ምህረት የጻፉትን ወረቀት አጠፈች። «ባሕር ማዶ ያለው ልጅዎ» አለች በመጨረሻ። «ይደውላል?»

«በየሳምንቱ» አሉ ጋሼ ካሤ፤ ያን ጊዜ ነው እውነተኛ እንባ የወጣቸው።

እማማ ለተሥላሴ ለአንዷለም ልቅሶ ሰቆጣ መጡ። ያጠቡትን ልብስ ለብሰዋል። ዘመናይ ጎን ተቀምጠው የሕፃኗን ራስ ሲዳብሱ ዋሉ፤ ከዚያ ምህረት ወደ ቢሮዋ ወስዳ ሁሉንም በኽምጥኛ ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«ለአንድ ዘፈን?» አሉ ሲያልቅ። «ስጪኝ ቢለኝ እሰጠው ነበር። ያ ልጅ በሕይወት ይኖር ነበር።»

«አዝናለሁ፣ እማማ።»

«ካሤ ሲዘፍነው አገር ይሰማዋል አልሽኝ?»

«ሁሉም ይሰማዋል። ዓረብ አገር ያሉት ሳይቀሩ በስልካቸው ይሰሙታል።»

አሮጊቷ ፊት ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ወደ ፊት ተጠጉ። «ፀደይ ይላል?»

«አይልም። ‹ልጄ መጥቶ› ነው የሚለው። ስሟን አውጥተውታል።»

እማማ ለተሥላሴ ቀስ ብለው ወንበሩን ተደገፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«እኔ መሄጃ የለኝ። መጻፍ አላውቅ። ዘፈን ግን እግር አለው፣ ከሰው ሰው ይሄዳል አልኩ። አንድ ቀን፣ የሆነ አገር፣ ‹ይህችን ፀደይ አውቃታለሁ› የሚል ሰው ጆሮ ይደርሳል ብዬ ነው ስሟን የከተትኩበት። ይኸው ደርሶ ኖሯል። ያለ እሷ ደረሰ።»

ከውጭ የልቅሶተኞች ድምፅ ይሰማል። ምህረት በሕግ የምትከሰው ሰው ታስሯል፤ ለዚህኛው በደል ግን አንቀጽ አልነበራትም።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ ከአሮጊቷ አጠገብ አኖረችው፤ አዲስ ወረቀት ሳበች።

«ፀደይ ከቤት ስትወጣ ምን ለብሳ ነበር?» አለች። «ከማን ጋር ነበረች? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እማማ።»